ሚስ ኢሎና አላመሰገኑም

የሚስ ኢሎናን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። ልጃቸው ፒተር የላከው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፦ «እናቴ ትናንት ጠዋት ዐረፈች። ቀብሩ ነገ ነው። መምጣት ከፈለግሽ ነይ።» ላንግሊ ፓርክ፣ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ማሽኑ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ተቀምጬ ጨረስኩት፤ ልብሱንም አጣጥፌ ወጣሁ።

«መምጣት ከፈለግሽ» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት ከእናቱ ቤት ያሰናበተኝ እሱ ነው። ለምን እንደተሰናበትኩ የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ በሁለት ተከፍለው ያወራሉ። እኔ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ፍርዱ ለአንባቢ ነው።

ሚስ ኢሎና የሃንጋሪ አይሁድ ነበሩ። ሲሞቱ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያን ብቻ የሚኖሩበት ትልቅ ሕንፃ አለ፤ አምስተኛው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። እኔ ከኤጀንሲ ተልኬ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ አብሬያቸው ሠራሁ። እኔም ያን ጊዜ ወጣት አልነበርኩም፤ ሰባ ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሊፍት ውስጥ አብረን ስንገባ ማን ማንን እንደሚንከባከብ የማያውቅ ሰው ይደናገር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍተው ፊቴን ሳያዩ ቀሚሴን አዩ።

«እጥፋቱ ጠሟል» አሉኝ። «ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል። አውልቂው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ልብስ አስተካካይ ሆነው ሠርተዋል፤ ጠማማ ስፌት እያዩ ዝም ማለት አይችሉም ነበር። የሥራዬን የመጀመሪያ ሰዓት የእሳቸውን ጋዋን ለብሼ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ቀሚሴን ሲያስተካክሉልኝ በማየት አሳለፍኩት። ጨርሰው ሲሰጡኝ «አሁን ሥራሽን ጀምሪ» አሉኝ። ስሜ አስካለ ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ «አስካ» አሉኝ፤ በዚያው ቀረ።

ሌላው ጠባያቸው ሊፕስቲክ ነበር። ከሰው ጋር ሊከራከሩ ሲነሱ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ይቀባሉ። ኢንሹራንሱ የመድኃኒት ጥያቄ ሲመልስባቸው፣ የሕንፃው አስተዳደር ማሞቂያውን ሳያስጠግን ሲቀር፣ በስልክም ቢሆን፣ መስታወት ፊት ቆመው ቀዩን ሊፕስቲክ ይቀባሉ። «በስልክ ማን ያይዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን። «እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ለእርቅ ቢሆን አያስፈልግም ነበር።»

ስለ ልጅነታቸው አያወሩም። ግድግዳው ላይ የሟች ባላቸውና የፒተር ፎቶ ብቻ ነበር የተሰቀለው። የእናት የለም፣ የአባት የለም፣ የወንድም የእህት የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጠይቀኝ ስለማልወድ ሌላውንም አልጠይቅም። ባዶው ግድግዳ ግን ያሳዝነኝ ነበር። ስህተቴም ከዚያ መጣ።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ ሚስተር ላዮሽ የሚባሉ ሌላ ሃንጋሪያዊ ነበሩ። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ዘወትር ከረባት የሚያስሩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ፖፒ በሚባል አበባ ጥቁር ዘር የተሞላ ኬክ ይዘው የሚመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ሲገቡ የሚስ ኢሎናን እጅ ይስማሉ። የእኔንም ሊስሙ ሲሉ መጀመሪያ ቀን እጄን ነጠቅኳቸው፤ በእኛ ዘንድ እጁ የሚሳመው ቄስ ነው። ሚስ ኢሎና ሳቁ። «ተዪያቸው ይሳሙሽ» አሉኝ። «አባታቸው መኮንን ነበር፤ ያወረሳቸው ይሄንኑ ብቻ ነው።» ሚስተር ላዮሽ አልተቀየሙም። ሁለቱ እንዲህ ነበር የሚጫወቱት።

አንድ ማክሰኞ ፒተር እናቱን ወደ ልብ ሐኪም ወስዷቸው እኔ ቤት ሳጸዳ፣ ሚስተር ላዮሽ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዘው መጡ። «ለእመቤት ኢሎና ነው» አሉኝ። «ሰርፕራይዝ።» ሰጥተውኝ ሄዱ። ወረቀቱን ፈታሁት። በወርቃማ ክፈፍ ውስጥ ያለ ፎቶ ነው፤ ጥቁር የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ በሜዳልያ የተሞላ፣ አገጩ ጠንካራ፣ እጁን ጎራዴው ላይ ያሳረፈ ሽማግሌ። ከሥሩ በሃንጋሪ ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ አላነበብኩትም፤ ባነብበውም አይገባኝም።

ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። ባደግኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሜዳልያ ደርድሮ የሚሰቀለው የቤቱ አባት ነው። የእኔም አባት በክብር ዘበኛ ልብሱ እንደዚያው ተሰቅሎ ነበር። እንግዲህ ሚስተር ላዮሽ ከአገራቸው አፈላልገው የአባታቸውን ፎቶ አገኙላቸው ብዬ ደስ አለኝ። ከወንበራቸው ፊት ለፊት ሚስማር መታሁ። መስታወቱን ወለወልኩ። ከቦርሳዬ፣ እሳቸው ሲተኙ የምሠራውን ነጭ ዳንቴል አወጣሁና ከክፈፉ አናት ላይ ግራና ቀኝ አድርጌ ጣል አደረግኩበት። ከሥሩም አበባ አስቀመጥኩ።

ሚስ ኢሎና መጡ። ፒተር በር ላይ አድርሷቸው ወደ ሥራው ተመለሰ። በመደገፊያ ዎከራቸው ቀስ እያሉ ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ቀና አሉ። 

«አስካ፣ ይሄ ማነው?»

«አባትዎ አይደሉም?»

እኔን አዩኝ። ፎቶውን አዩ። ዳንቴሉን አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ደረታቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ልባቸውን ፈርቼ ውኃ ላመጣ ሮጥኩ። «አድሚራሉን ሙሽራ አደረግሽው!» ይላሉ። «አንቺ ሴት፣ አድሚራሉን ዳርሽው!»

ሳቁ እንደጀመረ ሁሉ በድንገት ቆመ።

«አባቴን የገደለው ይሄ ሰውዬ ነው» አሉኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ላወርደው ስል እጃቸውን አነሱ። «ውረጂ፣ ትሰበሪያለሽ። ተዪው ይሰቀል። ራሱ ከመጣ እስከ ሐሙስ ይቆይ። ዳንቴሉን ግን አንሺ፤ ልፋትሽ ያሳዝናል።» ከዚያ እንደ ልብስ አስተካካይ ዐይናቸውን አጥብበው ፎቶውን አዩት። «ኮቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ትከሻው ላይ በጣም ጥሩ የልብስ ሰፊ እጅ አርፎበታል። መጥፎው የለበሰው ነው እንጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ነገሩኝ። የሰውየውን ስም አይጠሩም፤ «አድሚራሉ» ነው የሚሉት፤ የባሕር ኃይል አዛዥ ማለት ነው። እኔም እዚህ አልጠራውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነጭ ፈረስ ዋና ከተማቸው ገብቶ ሃንጋሪን ሃያ አራት ዓመት የገዛ ሰው ነው። አገሪቱ ንጉሥ አልነበራትም፤ እሱ ግን የሌለው ንጉሥ እንደራሴ ነኝ ይል ነበር። ባሕርም አልነበራትም፤ ወደቧን በጦርነቱ አጥታለች፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው አድሚራል ነበር። ይሄን ሲነግሩኝ እንድስቅ ጠበቁ።

«ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል እኛም ዘንድ አለ» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው?» አሉና ከልባቸው ተደሰቱ።

ቀሪው የሚያስቅ አልነበረም። አድሚራሉ ከጀርመኖች በፊት ራሱ አይሁዶችን ከትምህርት፣ ከሥራ፣ ከንብረት የሚያግድ ሕግ አውጥቷል። ወንዶቹን ያለ መሣሪያ ከጦሩ ኋላ እያስከተለ መንገድ ያስቆፍራቸው፣ ፈንጂ ያስለቅማቸው ነበር። የሚስ ኢሎና አባት እንደዚያ ተወስደው ዩክሬን በረዶ ውስጥ ቀሩ። እናታቸው አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቀሩ። ሚስ ኢሎና አሥር ዓመታቸው ነበር፤ ጉሮሯቸውን ታመው ለሕክምና ቡዳፔስት አክስታቸው ዘንድ ተላኩ። እሳቸው እዚያ እያሉ ጀርመኖች ገቡ። አድሚራሉ ከሥልጣኑ አልወረደም፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቁጭ አለ። በራሱ ፖሊሶችና በራሱ ባቡሮች የገጠሩ አይሁድ ከግንቦት ጀምሮ ተጭኖ ወደ ሞት ካምፕ ተላከ። ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናታቸውና ትንሽ ወንድማቸው የተጫኑት በሰኔ መጀመሪያ ነው። በሰኔ መጨረሻ፣ የቀረው የቡዳፔስት ሰው ብቻ ሲሆን፣ ከውጭ አገር መንግሥታት ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ጦርነቱም እንደማያዋጣ ታየ። ያን ጊዜ አድሚራሉ ባቡሮቹ እንዲቆሙ አዘዘ። ቆሙ።

«እኔ በዚህ ተረፍኩ» አሉኝ ሚስ ኢሎና። ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

ሐሙስ ሚስተር ላዮሽ ኬካቸውን ይዘው መጡ። ፎቶው ተሰቅሎ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እመቤቴ፣ ተቀበሉት!»

«የሰቀለችው አስካ ናት» አሉ ሚስ ኢሎና። «አባቴ መስሏት።»

ሚስተር ላዮሽ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታተመ የጥሪ ወረቀት አወጡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አዛውንት ሃንጋሪያውያን የሚሰበሰቡበት አንድ ማኅበር አላቸው። ቅዳሜ የአድሚራሉን ትልቅ ሥዕል የመሰብሰቢያ አዳራሻቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ሚስ ኢሎና ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። በእንግሊዝኛው በኩል እንዲህ ይላል፦ «በእርሳቸው ትእዛዝ ከሞት የተረፉ የቡዳፔስት አይሁዳዊት በክብር እንግድነት ይገኛሉ፤ ምስጋናቸውንም ያቀርባሉ።»

«ይህቺ አይሁዳዊት ማን ናት?» አሉ ሚስ ኢሎና።

«እመቤቴ፣ ሳልጠይቅዎ ማተሜ ጥፋት ነው። ግን ሐሰት አልጻፍኩም። ብዙ ሰው ስሙን ያጠፋል። አባቴ በእሱ ሥር አገልግሏል፤ በጨዋ ሰው ሥር እንዳገለገለ አምኖ ነው የሞተው። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ...»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«እመጣለሁ» አሉ ሚስ ኢሎና።

ሚስተር ላዮሽ እጃቸውን ስመው በደስታ ወጡ። እኔ ግን ሚስ ኢሎና መሳቢያውን ከፍተው ሊፕስቲኩ ስንት እንደቀረው ሲያዩ ተመልክቼ ነበር።

ፒተር ዐርብ ዕለት ሰማ። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እናቱ ፊት ተቀምጦ ብዙ ለመናቸው። «ማማ፣ ሐኪሙ መናደድ የለብሽም ብሏል። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይስቀሉት፤ ማን ያየዋል? ደግሞም፣ የሆነ ሆኖ፣ ሰውየው አስቁሞታል። አንቺ አለሽ። እኔም ያለሁት በዚያ ነው።»

 ሚስ ኢሎናን ከሕመማቸው ሁሉ ይልቅ የልጃቸው ንግግር እንዳደከማቸው ከፊታቸው አየሁ።

ኮሪደር ላይ ፒተር አስቆመኝ። እናቱ መኪና አይነዱም፤ ሚስተር ላዮሽም ዐይናቸው ስለደከመ ማኅበሩ ሰው ልኮ ነው የሚወስዳቸው። ሚስ ኢሎና ደግሞ ከማኅበሩ ሰው ጋር በአንድ መኪና አልሄድም ብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። «ቅዳሜ የሥራ ቀንሽ አይደለም» አለኝ። «ብትወስጂያት ሰኞ እንዳትመጪ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነው የተናገረው። ገባኝ።

ስወጣ ሎቢው ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩት አቶ ታደሰ ተቀምጠዋል። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ሁሉንም ወሬ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ይሄንንም ሰምተውታል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ሪስክ አይውሰዱ» አሉኝ። «ልጁ ለኤጀንሲው ኮል ቢያደርግ ኬዙ ያመልጥዎታል። የሃንጋሪ ነገር ምን አገባን?»

«ሴትዮዋ መሄድ ይፈልጋሉ።»

«ያለፈ ነገር መቆፈር ምን ይጠቅማል? ገዢ እንደሆነ ገዢ ነው፤ ክፉም ደግም ይሠራል። የእኛውስ ሰውዬ ቢሆን፣ እውነቱን እናውራ ካልን፣ ስንቱን ገበሬ ማንበብና መጻፍ አስተምሯል!»

«ወንድሜ ማንበብ ይችል ነበር» አልኳቸው።

 ከአራት ዓመት በላይ በየቀኑ ሰላምታ እየተለዋወጥን ወንድም እንደነበረኝ አልነገርኳቸውም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው የዚያው ሰውዬ ሰዎች ከቤት የወሰዱት፤ አስከሬኑን አልሰጡንም። አባቴንም አስረው ለቀውታል፤ እስኪሞት ድረስ «ቢያንስ እኔን ለቀውኛል» ሲል እሰማው ነበር። ስለዚህ ነገር ይሄን ያህል ይበቃኛል።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዬን በሕንፃው በር አቆምኩ። ሚስ ኢሎና ራሳቸው የሰፉትን ሰማያዊ ኮትና ጉርድ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ፎቶው ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ በዚያው ወረቀት ተጠቅልሎ አጠገባቸው አለ። በጆርጂያ አቬኑ ወጥተን ቀለበት መንገዱን ያዝን። ሰባት ጊዜ ያህል ፍጥነቴን ተቹ። ፖቶማክ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ስንደርስ ግን ዝም አሉ። ዘወር ስል ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«አመመዎት?»

«የለም። ወንዝ አላይም። ቡዳፔስት ውስጥ በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት አይሁዶችን ወንዙ ዳር አቁመው ይተኩሱባቸው ነበር። አልፈን ከሆነ ንገሪኝ።»

መሀለኛውን መስመር ይዤ ነዳሁ። «አለፍን» አልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ነበር፤ አብዛኛው የእኛ እኩያ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ኬክ ተደርድሯል። ትልቁ ሥዕል መቆሚያ ላይ ሆኖ ግድግዳውን ይጠብቃል። ሚስ ኢሎና ሲገቡ አጨበጨቡላቸው፤ የፊት ወንበር ሰጧቸው። እኔን የኋላ ወንበር ሊያሳዩኝ ሲሉ «ከእኔ ጋር ናት» አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለ አድሚራሉ ብዙ ተናገሩ፤ ስለ ነጩ ፈረስ፣ ስለ አገር ክብር። በመጨረሻም «አሁን በሕይወታቸው የእሱ ባለዕዳ የሆኑት እመቤት ምስጋናቸውን ያቀርባሉ» አሉ።

ሚስ ኢሎና ተነሡ። ማይክራፎኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«በእንግሊዝኛ የምናገረው ይዛኝ የመጣችው ሴት እንድትሰማ ነው» አሉ። «እናቴ ማርጊት ትባል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ወንድሜ ሚሺ ይባል ነበር። አራት ዓመቱ ነበር። አድሚራሉ አዳናት ብላችሁ ጽፋችኋል። ልጅ ሆኜ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ጸሎት ሳደርግ ስሙን እጨምር ነበር። ኋላ ግን ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አቅም ባይኖረው ኖሮ፣ ጀርመኖች እጁን አስረውት ቢሆን ኖሮ፣ አዝንለት ነበር። በሰኔ መጨረሻ ይቁም አለ፤ ቆመ። አንድ ትእዛዝ ነው የፈጀበት። ስለዚህ ወንድሜ ሲጫን ይችል ነበር። በግንቦት የመጀመሪያው ባቡር ሲነሣም ይችል ነበር። እኔን ለደግነቱ ምስክር አድርጋችሁ ጠራችሁኝ። እኔ የምመሰክረው መቻሉን ነው።»

 ከኋላ አንድ ሰው ተነሡ፤ ፊታቸው ቀልቷል። «እመቤት፣ እሱ ባይኖር እኮ ዛሬ እዚህ ቆመው አይሰድቡትም ነበር!»

«ልክ ነዎት» አሉ ሚስ ኢሎና። «በዚህ በኩል አልተጠነቀቀም።»

አንዳንድ ሰው ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ሊቀ መንበሩ ቶሎ ብለው፣ እመቤት ኢሎና ልብ የሚነካ ትዝታቸውን ስላካፈሉን እናመሰግናለን፣ አሁን ወደ ኬኩ እንሂድ አሉ። ሰው መነሣት ጀመረ። ሚስ ኢሎና ግን ጥግ ላይ ደብተር ይዛ ወደተቀመጠችው የማኅበሩ ጸሐፊ ዞሩ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ሴቲቱ ደነገጠች። «እመቤት ኢሎና ትዝታቸውን አካፈሉ ብዬ...»

«ሰርዢው። ምስጋና እንዲያቀርቡ ተጠይቀው አላመሰገኑም ብለሽ ጻፊ።»

«ቃለ ጉባኤው የማኅበሩ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እንግዲያው እስኪጻፍ እቀመጣለሁ» አሉና ተቀመጡ። ጓንታቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ ምን እንደሚፈልጉ ወዲያው ገባኝ። ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ የተባለው ሁሉ ይረሳል፤ ከዓመት በኋላ የሚገኘው ደብተሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰዎቹ ኬክ አመጡላቸው፤ አልበሉም። ውኃ አመጡላቸው፤ እሱን ጠጡ። ሊቀ መንበሩ በትሕትና፣ ከዚያ በጥቂት ቁጣ፣ ከዚያ ደግሞ በልመና ተናገሩ። «ልጃቸውን እንጥራ» አለ አንዱ። «ጥሩት፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ» አሉ። አዳራሹ የተከራዩት እስከ አሥር ሰዓት ነበር፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ጽዳት ሠራተኛው መጥቶ በር ላይ ቆመ። ግማሹ ሰው ሄዷል። ሚስ ኢሎና ከንፈራቸው ገርጥቷል፤ ጀርባቸው ግን ወንበሩን አልነካም። እጃቸውን ስይዝ ቀዝቅዟል። «እንሂድ?» አልኳቸው በቀስታ። «አልጻፈችም» አሉኝ።

በመጨረሻ የተነሡት ሚስተር ላዮሽ ናቸው። ያን ያህል ሰዓት የተመለሰላቸውን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ነበር። ወደ ጸሐፊዋ ሄደው ደብተሩን ከፈቱላት።

«ጻፊው» አሉ።

«ሚስተር ላዮሽ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የጋበዟቸው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ስለዚህ ነው። ያልተባለውን ተብሏል ብዬ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። የተባለውን ጻፊ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ሚስ ኢሎና «አንብቢው» አሏት፤ በሁለቱም ቋንቋ አነበበችው። ጓንታቸውን አደረጉና «አሁን እንሂድ» አሉኝ።

ሥዕሉ ከሳምንት በኋላ ተሰቅሏል ሲባል ሰማሁ። ለሚስ ኢሎና በስልክ ስነግራቸው «ይሰቀል፤ ደብተሩ ከሥሩ መሳቢያ ውስጥ አለ» አሉኝ።

በስልክ ያልኩት፣ ያን ዕለት ስንመለስ ፒተር ሎቢው ውስጥ ቆሞ ስለጠበቀን ነው። አልጮኸም። የእናቱን ፊት አየ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ የቤቱን ቁልፍ ሰጠሁት። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉት ሚስ ኢሎና። «አውቃለሁ፣ ማማ» አላቸው። አቶ ታደሰ ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት የሚፈልጉ መስለው አቀረቀሩ። ሰኞ ጠዋት ኤጀንሲው ደውሎ ቤተሰቡ ሌላ ሰው እንደጠየቀ ነገረኝ። ሄርንደን ውስጥ ሌላ ኬዝ፣ ሌላ የምንከባከበው አረጋዊ፣ ሰጡኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሠራሁት።

ሚስ ኢሎና ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉልኝ ነበር። አዲሷ ሠራተኛ እንዴት ናት ስላቸው «ልብሷ ሁሉ ልኳ ነው፤ ምን ላድርጋት?» ይሉኝ ነበር። ስለዚያ ቅዳሜ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ሚስተር ላዮሽ ሁለት ወር ያህል ቀርተው እንደገና ኬክ ይዘው መምጣት እንደጀመሩ ነገሩኝ። «የዚህኛው ኬክ ሊጥ አልተነሣለትም» አሉኝ። «ግን በላሁት።»

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ወንዶቹ ተራ በተራ በአካፋ አፈር አለበሱ፤ እኔም ጊዜዬ ሲደርስ አካፋውን ተቀብዬ የድርሻዬን አደረግኩ። ሚስተር ላዮሽ ባዶ እጃቸውን መጥተው ከሁሉም ኋላ፣ ከዛፉ ሥር ቆሙ። ሲያበቃ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ፒተር ተከትሎኝ መጣ።

«አስካለ» አለኝ። «ያን ቀን ምን ነበር ያለችው? ደጋግሜ ጠየቅኳት። አስካን ጠይቃት አለችኝ። ልደውልልሽ አፈርኩ።»

እንደተናገሩት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ወሮቹን በጣታቸው እንደቆጠሩ ነገርኩት። እናታቸውን በስም እንደጠሩ፣ ሚሺን በስም እንደጠሩ ነገርኩት።

«ሚሺ ማነው?» አለኝ።

«አጎትህ ነው። አራት ዓመቱ ነበር።»

መኪናዬን ተደገፈ። አያቱን በስም ያውቃል፤ እናቱ ወንድም እንደነበራቸው ግን ነግረውት አያውቁም። ከትንሽ ቆይታ በኋላ «ይቅርታ» አለኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ይቅርታ ሲል «ምንም አይደለም» ይባላል፤ ሳያስቡት ነው የሚወጣው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ለብዙ ሰው ብያለሁ። ያን ዕለትም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ስብሰባ የነበረው ቅዳሜ ነው፤ ፒተር ሥራ አልነበረውም፤ መኪና ነበረው። እናቱን ራሱ ይዞ ሊመጣ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ሊሰማ ይችል ነበር።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ እንድጨምር ጠበቀ።

«የመቃብራቸው ድንጋይ ሲሠራ የሚሺንም ስም አስጽፈው» አልኩት። «በሃንጋሪ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ሚስተር ላዮሽን ጠይቃቸው። እዚያ ቆመዋል።»